አደይ አበባ በጣሳ፡- የደጋውን አየር ጠባይ አውቆ አበባ ማልማትና ፎቶግራፍ ማንሳት

ዘመን ሊለወጥ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ሲቀሩት በመርካቶ ሸማ ተራ ገበያው ይደራል፡፡ ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ ጋቢውና ቡሉኮው ከየመደርደሪያው እየወረደ በገዢ ፊት ይዘረጋል፡፡ ሻጭና ገዢ በዋጋ ይከራከራሉ፤ ተሸካሚው «መንገድ! መንገድ!» እያለ በጠባቡ መተላለፊያ ይሹለከለካል፡፡ በዚህ ወቅት ዓይን ከሚያርፍባቸው ጥለቶችና ጥልፎች መካከል ቢጫው ጎልቶ ይታያል፡፡ ቢጫው የአደይ አበባ ቀለም በመሆኑ የዘመን መለወጫን ብሥራት በነጭ ሸማ ላይ ይዞ የሚመጣ ነውና፡፡

በጥልፍ የተሠራው አደይ ዓመቱን ሙሉ አይጠወልግም፡፡ ሕያው አደይ ግን ሌላ ነው፡፡ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ከእንጦጦ ግርጌና ከከተማዋ ዙሪያ ሜዳዎች ተነቅሎ ወይም ተቆርጦ በእቅፍ እየታሰረ ወደ ገበያ ይመጣል፤ ሁለትና ሦስት ቀን ቤት አድምቆ ይጣላል፡፡ ከተማዋ እየሰፋች በሄደች ቁጥር አደይ በራሱ ጊዜ የሚበቅልባቸው ክፍት ቦታዎች በመንገድና በሕንፃ ይያዛሉ፡፡ በአበባነቱ የተቆረጠ ተክል ደግሞ ዘር አይጥልም፡፡ ስለሆነም አበባውን የሚወድ ሰው አበባውን ማቆየት የሚችልበትን መንገድ ማወቅ ይኖርበታል፡፡

ለዚህ ሰፊ ግቢ መኖር ግዴታ አይደለም፡፡ በሸማ ተራ የሚሠራ ሰው ያለው ቦታ ከሱቁ ደጃፍ ወይም ከመኖሪያ ቤቱ በረንዳ ጥግ የማይበልጥ ሊሆን ይችላል፡፡ አንድ የዘይት ቆርቆሮ ወይም አንድ የወተት ጣሳ ለማስቀመጥ ግን ያ ይበቃል፡፡ የሚያስፈልገው የደጋውን አየር ጠባይ ማወቅና ሥራውን ከወቅቱ ጋር ማስማማት ነው፡፡ አበባውን ፎቶግራፍ ለሚያነሣውም ሰው ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም፡፡ ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም በቅደም ተከተል ለማብራራት ይሞክራል፡፡

ለሰው የተስማማ፣ ለጣሳ ተክል የከበደ

«የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለው መጠሪያ ሀገራችን ራሷን ለጎብኚዎች ለማስተዋወቅ ለብዙ ዓመታት ስትጠቀምበት የቆየች ነው፡፡ የአዲስ አበባም አየር ለኑሮ የተስማማ መሆኑ ይነገርለታል፡፡ ይህ እውነት ቢሆንም እውነትነቱ በይበልጥ ለሰው ነው፡፡ ሥሩን በጥልቅ መሬት መስደድ ለማይችል የጣሳ ተክል ግን የከተማዋ አየር አራት ብርቱ ፈተናዎች አሉት፡፡

የመጀመሪያው የፀሐይ ብርታት ነው፡፡ መርካቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፡፡ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፡፡ አየሩ ሲሳሳ የፀሐይን ጨረር የማጣራት አቅሙ ይቀንሳል፡፡ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ እየጨመረ እንደሚሄድ ይታወቃል፡፡ የቀኑ ሙቀት እምብዛም ሳይሆን ቅጠል ጠርዙ የሚቃጠለውና ገና የተተከለ ችግኝ በአንድ ቀን የሚጠወልገው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ሁለተኛው የዝናቡ አከፋፈል ነው፡፡ አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ታገኛለች፡፡ መጠኑ በራሱ ጥሩ የሚባል ነው፡፡ ዳሩ ግን ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፡፡ በእነዚህ ወራት የጣሳው አፈር ውሃ ጠግቦ አየር ያጣል፤ ሥሩም ይበሰብሳል፡፡ በዚያ ላይ በመርካቶ የቆርቆሮ ክዳን የበዛ በመሆኑ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ከዝናቡ ይልቅ ብርቱ ነው፡፡ አፈሩን ጠርጎ ሥሩን ያራቁታል፡፡ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ በወረደ ዕለት ደግሞ ለስላሳ ቅጠል ሁሉ ይበሳሳል፡፡

ሦስተኛው ድርቁ ነው፡፡ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከጥቅምት አንሥቶ እስከ የካቲት የሚጥለው ዝናብ ኢምንት ነው፡፡ የበልጉም ዝናብ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፤ አንዳንድ ዓመት ይቀራል፡፡ በሜዳ ያለ ተክል ከአፈሩ ጥልቀት የቀረውን እርጥበት ሊስብ ይችላል፡፡ የጣሳ ተክል ግን ካጠጡት ውሃ በቀር ሌላ የለውም፡፡

አራተኛው የሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው፡፡ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል፡፡ ደመና የሌለው ሰማይ መሬት በቀን ያከማቸችውን ሙቀት እንዳለ ይለቀዋል፤ ሳስ ያለውም አየር ሙቀቱን ለመያዝ አቅም የለውም፡፡ በቀትርና በንጋት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፡፡ በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ገላጣ ሜዳዎች ውርጭ የሚጥለውም በእነዚህ ወራት ነው፡፡ ቆርቆሮ በቀን ፈጥኖ ይግላል፤ በሌሊት ፈጥኖ ይበርዳል፡፡ ሥሩም ይህን ሁሉ ይቀበላል፡፡

ታላላቆቹ የአበባ እርሻዎች ለእነዚህ ፈተናዎች የሰጡት መልስ የፕላስቲክ ቤት ነው፡፡ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በፍጥነት ያደገው የሀገራችን የጽጌረዳ ልማት በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ አካባቢ ባሉ የፕላስቲክ ቤቶች የሚካሄድ ነው፡፡ ፕላስቲኩ ዝናቡንና በረዶውን ይከላከላል፤ የሌሊቱን ብርድ ያለዝባል፡፡ የከፍታው ቅዝቃዜ በአግባቡ ሲያዝ ደግሞ ጥቅም አለው፡፡ በደጋ ያለች ጽጌረዳ ዕድገቷ ዝግ ያለ ቢሆንም እምቡጧ ትልቅ ይሆናል፡፡ የሸማ ተራው ሰው የፕላስቲክ ቤት የለውም፡፡ ከዚህ የቀለለና ጥንታዊ የሆነ ሌላ ዘዴ ግን አለ፤ አስተማሪውም አደይ ራሱ ነው፡፡

አደይ ጊዜውን የሚያውቅ ተክል

አደይ አበባ በሳይንሳዊ ስሙ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ይባላል፡፡ በመልክ የሚመሳሰሉትና በሕዝቡ ዘንድ በአደይነት የሚጠሩ ሌሎች ቢጫ ዘመዶችም አሉት፡፡ ወገኑ ከሱፍ አበባ ጋር ነው፡፡ አንድ አበባ የምንለውም በእርግጥ አንድ አይደለም፡፡ በመሐል ያለው ክብ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ተጠጋግተው የሠሩት ሲሆን፣ በዙሪያው የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎችም እያንዳንዳቸው የአንድ አበባ አካል ናቸው፡፡ ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው በአንዲት አደይ ውስጥ አንድ ሙሉ ማሳ ያገኛልና፡፡

ስሙም ትርጉም አለው፡፡ «ቢደንስ» በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፡፡ የዚህ ወገን የሆኑ ብዙ ተክሎች ዘራቸው ጫፉ ላይ ሁለት ሹል ጥርሶች ስላሉት በልብስ ላይ እየተጣበቀ ይጓዛል፡፡ በጥቅምትና በኅዳር በሜዳ ያለፈ ሰው ከነጠላው ጫፍ ላይ እየለቀመ የሚጥለው ጥቁር መርፌ መሳይ ዘር የዚህ ወገን ነው፡፡ «ማክሮፕቴራ» ደግሞ በግሪክ ቋንቋ ትልቅ ክንፍ ያለው ማለት ነው፡፡

የአደይ ብልኃት በዕድሜው አጭርነት ላይ ነው፡፡ አደይ ዓመታዊ ተክል ነው፡፡ የበጋውን ድርቅ በዘርነቱ ከአፈር ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል፡፡ የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ይበቅላል፤ ሐምሌና ነሐሴን በደመና ሥር ያድጋል፤ በመስከረም ዝናቡ ሲያባራና ፀሐይ ስትወጣ ያብባል፡፡ ኅዳር ገብቶ አፈሩ ሲደርቅና ሌሊቱ ሲበርድ ዘሩን አድርሶ ተክሉ ይደርቃል፡፡ ከድርቁም ሆነ ከውርጩ ጋር አይጋፈጥም፤ ሁለቱም ሳይመጡ ሥራውን ይጨርሳል፡፡

አባቶቻችን ይህን ጊዜ ለይተው ሰይመውታል፡፡ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ፣ ማለትም የአበባ ዘመን ይባላሉ፡፡ ንብ አርቢዎችም ወቅቱን ጠንቅቀው ያውቁታል፡፡ አደይ ለንብ ከታወቁት ቀሰሞች አንዱ ሲሆን፣ በደጋውና በወይና ደጋው ከክረምት በኋላ የሚቆረጠው ማር ከእርሱ ብዙ ድርሻ ያገኛል፡፡ ስለዚህ የአበባውን ጊዜ ማክበር አበባውን ብቻ የሚጠቅም አይደለም፡፡

ጣሳው፣ አፈሩና ውሃው

አደይን በጣሳ ለማልማት የሚፈልግ ሰው ዘሩን ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ ቢዘራ መልካም ነው፡፡ ከዚህ ከዘገየ ተክሉ ሳይጎለምስ መስከረም ይደርስበታል፡፡

በቅድሚያ ጣሳው ይዘጋጃል፡፡ ከሥሩ አምስት ወይም ስድስት ቦታ በምስማር ይበሳል፡፡ ቀዳዳ የሌለው ጣሳ በሐምሌ ተክሉን የሚያሰጥም ገንዳ ይሆናል፡፡ በውስጡ ሁለት ጣት ያህል ጠጠር ይደረጋል፤ ጣሳው ራሱም መሬቱን እንዳይነካ በድንጋዮች ላይ ይቀመጣል፡፡ ዙሪያውን በአሮጌ ጆንያ መጠቅለል ቆርቆሮው በቀን እንዳይግል፣ በሌሊትም ፈጥኖ እንዳይበርድ ይረዳል፡፡ የተቆረጠ ጀሪካንም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል፡፡

አፈሩ ቀጥሎ ይመጣል፡፡ ጥቁሩ የመረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፡፡ ለብቻው ለጣሳ አይሆንም፡፡ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ቢቀላቀል ውሃ ሳያቁር እርጥበት የሚይዝ አፈር ይሆናል፡፡ ብስባሹ ከዚህ ባይበዛ ይመረጣል፡፡ ምግብ የበዛለት ተክል ቅጠሉን ያበዛል እንጂ አበባውን አያፈጥንምና፡፡ የቡና አተላም ቢሆን ከብስባሹ ጋር አብሮ ሲበሰብስ እንጂ ትኩሱን በጣሳው ላይ መድፋት አይመከርም፡፡

ዘሩ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ተነስንሶ ስስ አፈር ይለብሳል፡፡ ከበቀለ በኋላ በአንድ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ጠንከር ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ቀርተው ሌላው ይነቀላል፡፡ ለዓይን የሚያሳዝን ቢሆንም ካልሳሳ ሁሉም ቀጥኖ ይቀራል፡፡ ተክሉ አንድ ስንዝር ተኩል ሲደርስ የመሐሉን ጫፍ በጥፍር መቁረጥ ከጎን እንዲያቆጠቁጥ ያደርገዋል፡፡ በዚህ መንገድ ያደገ አደይ ከረጅሙና በነፋስ ከሚወድቀው ይልቅ ለጠባብ ቦታ የተስማማ ነው፡፡

በቦታ አመራረጥ ረገድ ዋናው ነገር በቀን ቢያንስ አምስትና ስድስት ሰዓት ብርሃን ማግኘቱና ከጣሪያ ጠርዝ ውሃ መራቁ ነው፡፡ ጣሳውን በቆርቆሮ ክዳን ላይ ማስቀመጥ የሚያስብ ሰው ክብደቱን ያስላ፡፡ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን እርጥብ አፈር ሲሞላ ከ30 ኪሎ ግራም የማያንስ ይመዝናል፡፡ ከግድግዳ ጥግ በመሬት ላይ ማስቀመጥ ይሻላል፡፡ በገበያ ቦታ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ጥንቃቄ አለ፡፡ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰው ከባድ የእሳት ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት አውድሟል፡፡ በጨርቅ በተሞላና መተላለፊያው በጠበበ ገበያ መንገድ የሚዘጋ ነገር ሁሉ፣ አበባም ቢሆን፣ አደጋ ነው፡፡ ጣሳው ከመተላለፊያ ውጭ ይቀመጥ፤ የደረቀው አገዳም በኅዳር ተሰብስቦ ይወገድ፡፡

አደይ ካለፈ በኋላ ጣሳው ባዶ መቅረት የለበትም፡፡ ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለውን ወቅት የሚችሉ ሌሎች ተክሎች አሉ፡፡ ሬት በወፍራም ቅጠሉ ውሃ ስለሚያከማች የሰው መርሳት አይጎዳውም፡፡ ጀራኒየም በጣሳ ሥሩ ሲጣበብ እንኳን ማበቡን አይተውም፤ ዘሩም በቁራጭ ቅርንጫፍ በቀላሉ ይራባል፡፡ ሰፋ ያለ ቦታ ያለው ሰው ቀጋን ሊያስብ ይችላል፡፡ ቀጋ የሀገራችን የዱር ጽጌረዳ ነው፡፡ ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ሲሆን በስሙም የሀገራችንን ስም ይዞ ይኖራል፡፡ ነጭ አበባውና ቀይ ፍሬው የደጋውን ብርድ የለመዱ ናቸው፡፡

ውሃን በተመለከተ በበጋ ወራት በማለዳ ማጠጣት ይመረጣል፡፡ ማታ የጠጣ አፈር በቀዝቃዛው ሌሊት ሥሩን ያበርደዋል፡፡ ውሃ በፈረቃ በሚዳረስባቸው ሰፈሮች ሩዝ ወይም አትክልት የታጠበበትን ውሃ መጠቀም ይቻላል፤ ሳሙና የነካው ግን አይሆንም፡፡ ማጠጣት ማስፈለጉን ለማወቅ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ በአፈሩ ውስጥ አስገብቶ መሞከር በቂ ነው፡፡ ላዩ የደረቀ አፈር ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላልና፡፡

ብርሃንን ማወቅ

አደይ ካበበ በኋላ ፎቶግራፍ የማንሳቱ ሥራ ይመጣል፡፡ በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚገጥመው አንድ ዓይነት ቅሬታ ነው፡፡ በዓይን የታየው ደማቅ ቢጫ በስልኩ ካሜራ ላይ የተለጠፈ ቢጫ ወረቀት መስሎ ይወጣል፡፡ የአበባው መስመሮችና እጥፋቶች ጠፍተዋል፡፡ ምክንያቱ የካሜራው ርካሽነት ላይሆን ይችላል፡፡

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች፡፡ በዚህም ምክንያት የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ ከአናት በላይ ትሆናለች፡፡ አደይ በሚያብብበት በመስከረምም ከዚያ ብዙ አልራቀችም፡፡ የቀትር ብርሃን ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ የአበባውን ፊት ያነጣዋል፤ ከሥሩ ደግሞ ጥቁር ጥላ ይጥላል፡፡ በደጋው ሳስ ያለ አየር ይህ ልዩነት ይበልጥ ይጎላል፡፡ ስለዚህ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ቢሆን ይመረጣል፡፡ ማለዳው ሌላም ጥቅም አለው፡፡ ነፋሱ አልተነሣም፤ ጤዛውም ከአበባው ላይ አልረገፈም፡፡

በቀትር ማንሳት ግድ ከሆነ ግን መፍትሔው በሸማ ተራ ውስጥ ሞልቷል፡፡ ነጭ ስስ ነጠላ በአበባውና በፀሐይ መካከል ቢዘረጋ ብርሃኑን አለስልሶ ያሳልፈዋል፡፡ የክረምት ደመና ለሜዳው የሚሠራውን ሥራ ነጠላው ለአንዲቱ ጣሳ ይሠራል፡፡ ሌላ ነጭ ጨርቅ ከአበባው በታች ወይም ከጎኑ ቢያዝ ደግሞ ብርሃኑን መልሶ ጥላውን ያቀለዋል፡፡ ጋቢ በወፍራምነቱ ነፋስ ለመከለል ይጠቅማል፡፡

ካሜራ ብርሃንን የሚለካበት መንገድም መታወቅ አለበት፡፡ ካሜራ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይነሣል፡፡ ነጭ ሸማ በብዛት ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ስለሚመስለው ያጨልመዋል፤ ሸማውም ግራጫ ይሆናል፡፡ ጥቁር ግድግዳ በብዛት ሲያይ ደግሞ ብርሃኑ ያነሰ ስለሚመስለው ያበዛዋል፤ በመካከሉ ያለችው ቢጫ አበባም ትነጣለች፡፡ ስለሆነም ከጨለማ ነገር ፊት ያለ አደይ ሲነሣ ብርሃኑን መቀነስ፣ በነጭ ሸማ ላይ የተቀመጠ አደይ ሲነሣ ግን በጥቂቱ መጨመር ያስፈልጋል፡፡ በአብዛኞቹ ስልኮች አበባውን በጣት ነክቶ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ወይም ወደ ላይ መሳብ ይህን ያደርጋል፡፡ ሲያጠራጥር ጨለም ያለውን መምረጥ ይሻላል፡፡ የጨለመውን በኋላ ማብራት ይቻላል፤ ነጥቶ የጠፋውን የአበባ መስመር ግን መመለስ አይቻልም፡፡

በገበያ ውስጥ ያለ ሌላው ችግር የሸራ ቀለም ነው፡፡ በሱቆች ፊት የሚወጠር ሰማያዊ ወይም ብርቱካንማ ሸራ ከሥሩ ያለውን ሁሉ በራሱ ቀለም ይቀባል፡፡ ዓይናችን ይህን ስለሚለምደው አያስተውለውም፤ ካሜራ ግን ይመዘግበዋል፡፡ ጣሳውን ከሸራው ውጭ ወደ ክፍት ጥላ ማውጣት ተገቢ ነው፡፡ ክፍት ጥላም ቢሆን ብርሃኑን የሚያገኘው ከሰማያዊው ሰማይ በመሆኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፡፡ በካሜራው የቀለም ማስተካከያ ላይ «ጥላ» ወይም «ደመና» የሚለውን መምረጥ ቢጫውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፡፡

ጥቂት ቀላል ነገሮችም አሉ፡፡ በመጀመሪያ የካሜራው መነጽር ይጠረግ፡፡ የመርካቶ አቧራና የጣት ቅባት ብዙ ፎቶግራፍ ያደበዝዛሉ፡፡ ለዚህ ደጋግሞ የታጠበና የለሰለሰ የነጠላ ጨርቅ ከአዲሱ ይሻላል፡፡ ስልክ በጣም ሲጠጋ ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ወደ ኋላ ብሎ በማጉላት ማንሳት ይሻላል፡፡ ከላይ ወደ ታች ከማንሳት ይልቅ በአበባው ቁመት ልክ ጎንበስ ብሎ ማንሳት አበባውን በሰው ዓይን ፊት ያቆመዋል፡፡ ከአበባው ጀርባ ያለው ነገር ራቅ ያለና ያልተዝረከረከ ቢሆን ደግሞ አበባው ይለያል፡፡

ይህ እውቀት ለሸማ ተራ ነጋዴ ከአበባም በላይ ይጠቅመዋል፡፡ ዛሬ ብዙ ገዢ ቀሚስና ነጠላ የሚመርጠው በስልክ ከተላከ ፎቶግራፍ ነው፡፡ በውጭ ሀገር የሚኖር ወገን ለበዓል ያዘዘው ቢጫ ጥለት እጁ ሲገባ ሌላ ቀለም ሆኖ ቢያገኘው ቅር ይለዋል፤ ነጋዴውም ደንበኛ ያጣል፡፡ የአደይን ቢጫ በትክክል ማንሳት የቻለ ሰው የጥለቱንም ቢጫ በትክክል ያነሣል፡፡ ጥለቱን በክፍት ጥላ ዘርግቶ፣ ፎቶግራፉን ከመላኩ በፊት በስልኩ ላይ የሚታየውን ከጨርቁ ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት ይበቃዋል፡፡

ዘሩን ማቆየት

ከሥራው ሁሉ በላይ የሆነው ግን የመጨረሻው ነው፡፡ አበባው ካማረ በኋላ መቁረጥ ሳይሆን መጠበቅ ያስፈልጋል፡፡ ለበዓል ጥቂት አበባ መቁረጥ ቢፈለግ እንኳን ከየተክሉ ቢያንስ ሦስትና አራት አበባ ለዘር መተው አለበት፡፡ ሁለት ወይም ሦስት ጣሳዎች ተቀራርበው ቢቀመጡ ንቦች ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሱ ያዳቅሏቸዋል፡፡ በአበባው ወቅት የተባይ መድኃኒት መርጨት ንቡን መግደል ስለሆነ ሊደረግ አይገባም፡፡

ቢጫዎቹ ቅጠሎች ከረገፉ በኋላ መሐሉ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ዘሮቹም ወደ ውጭ ይከፈታሉ፡፡ በእጅ ሲነኩ በቀላሉ የሚለቁ ከሆነ ደርሰዋል ማለት ነው፡፡ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ተለቅመው ለአንድ ሳምንት ያህል በጥላ ይሰጣሉ፡፡ ከዚያም በወረቀት ተጠቅልለው፣ ዓመተ ምሕረቱና የተለቀሙበት ቦታ ተጽፎባቸው፣ ደረቅና ቀዝቃዛ በሆነ ሥፍራ እስከ ሰኔ ይቆያሉ፡፡ ላስቲክ እርጥበት ስለሚያፍን ሻጋታ ያመጣል፤ ወረቀት ይሻላል፡፡

በጣሳ ለማልማት ያልቻለ ሰውም አደይን ከነሥሩ ሳይነቅል የሚያይባቸው ቦታዎች በከተማዋ አሉ፡፡ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ላይ የተንጣለለ ሲሆን፣ አገር በቀል ዕፅዋትን መጠበቅ ከዓላማዎቹ ዋነኛው ነው፡፡ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ለከተማዋ ነዋሪ ወደ ተራራው መውጣትን ቀላል አድርጓል፡፡ በእነዚህ ሥፍራዎች ካሜራ ይዞ የሄደ ሰው አበባውን በፎቶግራፍ ይዞ ይመለሳል፤ አበባው ደግሞ ለዘሩ በቦታው ይቀራል፡፡

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ለዚህች ከተማ ስም ሲያወጡላት አዲስ አበባ አሏት፡፡ ስሙ በየቀኑ በሚሊዮኖች አፍ ይጠራል፡፡ በስሙ ውስጥ ያለው አበባ ግን በስም ብቻ እንዳይቀር የእያንዳንዱን ነዋሪ ድርሻ ይጠይቃል፡፡ ሕፃናት ለእንቁጣጣሽ በወረቀት ላይ ሥለው የሚያበረክቱት አደይ ነገ በሥዕልና በጥልፍ ብቻ የሚታወቅ አበባ እንዳይሆን፣ በዚህ ዓመት ኅዳር ላይ አሥር ዘር በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ትልቅ ጅምር ነው፡፡ ሰኔ ሲመጣ የሚያስፈልገው አንድ የተበሳ ጣሳ፣ ጥቂት አፈርና የደጃፍ ጥግ ብቻ ነው፡፡ ቀሪውን ክረምቱና አደይ ራሱ ያውቁበታል፡፡